ከኮርኒስ በላይ፦ ታይቷል

መስከረም 12

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ ሳይጠናብዎ ይህች ደብዳቤ እንድትደርስልኝ እየተመኘሁ ነው የምጽፈው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴም ጤናዋ ደህና ነው፣ ምላሷም እንደ ድሮው ነው።

ጋሼ፣ ፈተናውን አለፍኩ! ከስንት ዓመት የመስመር ዝርጋታ ሥራ በኋላ፣ ከሰኞ ጀምሮ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። እናቴ «ተቆጣጣሪ» ስላት «አውቶቡስ ላይ?» አለችኝ። መታወቂያዬን ሳሳያት ግን ከእጄ ነጥቃ ለጎረቤት ሁሉ ስታዞረው ዋለች፤ ማታ ነው የመለሰችልኝ። የምሠራው ደግሞ እርስዎ በሠሩበት ቢሮ ነው። ፎቶዎ ከሥልጠናው ክፍል በር በላይ ተሰቅሏል፣ ፒንሳውን በግራ እጅዎ እንደያዙ። አዲስ ገቢዎችን «ጋሽ ኮረንቲ ማለት እኚህ ናቸው» ብለው ያሳዩዋቸዋል። እኔም ከኋላ ቆሜ «አጎቴ ናቸው» እላለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጭቅጭቅ የጀመርኩት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ኃላፊያችን ከኮርኒስ በላይ ያለውን ለማየት መሰላል ላይ ወጥቶ አንገት ማስገባት ይበቃል ባይ ነው። ባትሪውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ «ከኮርኒስ በላይ፦ ታይቷል» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እንዲህ እያሉ በቀን ስድስት ቤት ይጨርሳሉ። እኔ በሆዴ እየተሳብኩ ስለምገባ ሦስት ቤት ብቻ ነው የምጨርሰው፤ ስወጣም አቧራና የሸረሪት ድር ለብሼ ስለሆነ «የኮርኒስ ድመት» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ኃላፊያችን ትናንት «ጋሽ ኮረንቲ እንኳ እንዳንቺ አልተሳቡም» አለኝ። እርስዎ ይፍረዱን፤ ኮርኒስ እስከ የት ነው መታየት ያለበት?

እጅዎን እስማለሁ፣
የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 3

ለኮርኒሷ ድመት፣ ለእህቴ ልጅ፣

ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ ፈጣሪ እጅሽን ከኮረንቲ፣ እግርሽን ከመሰላል ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽን በምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሕንፃውን ከሚያሞቀው ቦይለር አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። የቧንቧ ሠራተኛው «ምን አግኝተህ ነው ጥርስህ ሁሉ የታየው?» ሲለኝ መታወቂያ ያገኘሁት እኔ ይመስል ደረቴን ነፋሁ። ቋንቋችንን ባያውቅም ደብዳቤውን ተቀብሎ አገላብጦ አየልኝ።

ኃላፊሽ ልጅ ነው፣ አትቀየሚው። ግን ልክ አይደለም። ከመሰላል ላይ የሚታየው ቀዳዳው ነው፣ ቤቱ አይደለም። ሽቦ መሃሉን አይታመምም፤ የሚታመመው መጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያ ደግሞ እንደ ሌባ ነው፣ ጥግ ይወዳል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፊ። ከዚያ ኮርኒሱን የተሸከመውን እንጨት፣ ወራጅ ወራጁን ብቻ እየረገጥሽ ግቢ፤ ኮርኒሱን ከረገጥሽ በሰው ሳሎን ላይ ነው የምትወርጂው። ለብርድ ተብሎ የተነጠፈ ነገር ካለ እየገለጥሽ እዪ። አይጥ የት እንዳደረች ፈልጊ። አፍንጫሽንም ተጠቀሚ፤ የተቃጠለ የሽቦ ፕላስተር ከዓይን በፊት ለአፍንጫ ነው የሚናገረው። እስከ መጨረሻው ማገር ሳትደርሺ አትውረጂ። መድረስ ካልቻልሽ «እስከዚህ ደርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁም» ብለሽ ጻፊ። ያላዩትን አላየሁም ማለት ነውር የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የፈረምሽው ሁሉ አንድ ቀን ስምሽን ይጠራል።

ለመሆኑ እናትሽ አሁንም ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው? ትልቁ ክፍል ይሻላት ነበር፣ አየር አለው። እስቲ ንገሪያት።

አጎትሽ

ጥቅምት 27

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ምክርዎን ገልብጬ ቢሮ ለጠፍኩት። ኃላፊያችን አንብቦ «ይህን በቀን ስድስት ቤት ላይ እንዴት አድርጌ ነው የማደርገው?» አለ፤ ግን አልቀደደውም።

አሁን የምጽፍልዎን እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ የልብስ ሰፊዋ ቤት ገባሁ፤ ከድሮው ገበያ ጀርባ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የምትኖረው። አምፖሎቿ ይደበዝዛሉ ብላ ነው የጠራችን። የቤቱን የድሮ ቅጽ ከመዝገብ ቤት አውጥቼ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተሞላ ነው። «ከኮርኒስ በላይ፦ ታይቷል» ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ደስ ብሎኝ ለሴትየዋ አሳየኋት። «ጋሽ ኮረንቲ ናቸው እንዴ የሠሩት? እንዲያማ ከሆነ ቁጭ በይ፣ ምን ትወጫለሽ» አለችኝ።

ወጣሁ። እስከ ጭስ ማውጫው ድረስ ሥራው ሁሉ የተሰመረ ነበር። ከጭስ ማውጫው ጀርባ ንጣፉን ስገልጥ እንጨቱ ጠቁሯል። ጥቁሩ መሃል ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ፣ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማጋጠሚያ የለው፣ ሳጥን የለው። ፕላስተሩ ደርቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። ከሥሩ የልጆቹ አልጋ ነው። መስመሩን ያን ሰዓት አጠፋሁት፣ በማግስቱም የሥራ ጓደኛዬ መጥቶ በደንብ አሥሮ ዘጋው፤ በእሱ በኩል አይስጉ።

ሽቦው የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነው፣ ጋሼ።

ሪፖርቱ ላይ «ሥራውን የሠራው ባለሙያ» የሚል መስመር አለ። ባዶ ትቼዋለሁ። ኃላፊያችን «አይታወቅም ብለሽ ጨርሺው» ይለኛል። እስከ የካቲት መጀመሪያ ጊዜ አለኝ። ማን እንደሠራው ያስታውሱ ይሆን?

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 9

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ጤና፣ ሰላም፣ ዕድሜ፣ በረከት፣ መልካሙ ነገር ሁሉ ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጉልበቴም ከአየር ትንበያው ቀድሞ ይነግረኛል። የቧንቧ ሠራተኛው ጓንት ሰጥቶኛል፤ ግራው ትንሽ ይጠበኛል።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ቤት የጻፍሽውን አይቻለሁ። የቆየ ሥራ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት እጅ እንደገባበት ማን ያውቃል። ደህና አድርገሽ ዘግተሽዋል፤ ዋናው እሱ ነው።

እናትሽ ጋ ስልክ ደውዬ የትንሿን ክፍል ብሬከር አጥፊ ብያታለሁ። አንቺም ሄደሽ መጥፋቱን አረጋግጪ። ያው ቤቱ አርጅቷል ብዬ ነው።

ሥራ ጠርቶኝ ነው ያሳጠርኩት።

አጎትሽ

ኅዳር 25

ለአጎቴ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ።

እናቴ ቢሮ ድረስ መጥታ «ወንድሜን ምን ነካብኝ? ባሕር ማዶ ሆኖ መብራቴን ያስጠፋኛል! ለምን ስለው ስለ ጓንት ያወራኛል» አለችኝ። ሦስት ቀን በባትሪ ስትተኛ ሰንብታለች። ቤት ሄድኩ፣ መሰላል አቆምኩ፣ ገባሁ። ያን መብራት ሊሄዱ ሲሉ «ለእህቴ ስጦታ» ብለው ያስገቡላት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያን ወር ማሠልጠኛ ነበርኩ፣ ስመለስ ክፍሏ ብርሃን ሆኖ ነው ያገኘሁት። ስንት ዓመት ለእንግዳ ሁሉ ስታሳየው ኖረች!

ከአልጋዋ በላይ፣ ንጣፉ ሥር ነው። ገና አልጠቆረም፤ ፈትቼ በሳጥን ዘግቼዋለሁ። የተጠመዘዘው ግን ወደ ግራ ነው።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተናድጃለሁ። በሥራው ብቻ አይደለም። ሽቦ ማጠማዘዝን በማን እጅ ተማርኩና ነው «ስንት እጅ እንደገባበት» የሚሉኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገብዎ ቆሜ፣ በቀኝ እጄ እየሠራሁ እንኳ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ስንቴ ስቀውብኛል! ጨለማ ውስጥ ብዳብሰው አውቀዋለሁ።

ደግሞ ያቺን ቃል ሳስባት ሰነበትኩ። «ታይቷል»። ተንኮለኛ ናት። «አይቻለሁ» ቢባል ውስጡ ሰው አለ፣ ጠርተው ይጠይቁታል። «ታይቷል» ውስጥ ግን ማንም የለም።

በእርስዎ ፊርማ የተዘጉ አርባ አንድ ቤቶች መዝገብ ቤት አግኝቻለሁ። አንድ በአንድ ልገባባቸው ጀምሬያለሁ። ኃላፊያችን እብድ ናት ብሏል። ከየትኛው ብጀምር እንደሚሻል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰው ተኝቶበታል። ስንት ናቸው፣ ጋሼ?

የእህትዎ ልጅ

ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ሦስት ናቸው። ሁለቱን አግኝተሻል። ሦስተኛው የአናጢው ቤት ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ከወርክሾፑ በላይ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው ወራጅ ሥር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ስልኩን ከሰው ፈልጌ ደውዬ መስመሩን አስጠፍቼዋለሁ፤ ከታች ፍቅፋቂ እንጨት ነው ያለው። የእህቴ ልጅ መጥታ ሳታየው እንዳታበራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይም እሱ አልዘገየም። የዘገየሁት በሌላው፣ በመናገሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ «ስህተት ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ያንቺ ነገር ትዝ አለኝ፤ እሱም ውስጥ ማንም የለም። ቀደድኩት። «ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም አልሆነም፤ የተሳሳተ ሰው ሳያውቅ ነው። አሁን እንዲህ ብዬ እጽፍልሻለሁ፦ እያወቅሁ ፈረምኩ።

የጉዞ ወረቀቴ መጣና አሥራ ሁለት ቀን ቀረኝ። ቃል የገባሁት ዘጠኝ ቤት ነበር። ቅዳሜ ዕለት ማጋጠሚያ አለቀብኝ፣ ሱቁ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። የልብስ ሰፊዋንና የአናጢውን ቤት ለጊዜው ብዬ በእጄ ጠመዘዝኩ፣ ሰኞ እመለሳለሁ አልኩ። ሰኞ ሌላ ቤት ነበርኩ። የእናትሽን መጨረሻ ላይ ነው የሠራሁት፣ በዋዜማው። እሷ ከታች ሆና ትመርቀኛለች፣ እኔ ከላይ ፕላስተር እጠቀልላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ሳልለቅም ነው የሄድኩት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስለ ትንሿ ክፍል እጠይቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት «ሌላ ክፍል ተኚ» ከማለት አንዲት ቃል መናገር ይቀል ነበር። አልቻልኩም። ጋሽ ኮረንቲ የሚለውን ስም ወደድኩት፣ ልጄ። እዚህ ማንም የማያውቀኝ ሰው ነኝ፤ የቦይለር ጠባቂ ነኝ። እዚያ ግን በር ላይ ተሰቅያለሁ። እሱን ማጣት ነው የፈራሁት።

ሪፖርቱ ላይ ባዶ በተውሽው መስመር ስሜን ጻፊ። «አይታወቅም» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያኔ የእኔን ጥፋት ራስሽ መድገምሽ ነው። ለቢሮው የጻፍኩትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፣ ፈርሜበታለሁ። ፎቶውንም አንቺው አውርጂልኝ፤ ሌላ ሰው ሲያወርደው መስማት አልፈልግም። ለእናትሽ ግን እኔ ነኝ የምነግራት። ሳትናገሪ ጠብቂኝ።

አጎትሽ

የካቲት 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን አሉልኝ? እኛ ደህና ነን። እናቴ የነገሯትን ሰምታ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ «ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ቀይሪ ሲለኝ ለእርጅናዬ አዝኖ መስሎኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያም አለቀሰች። «ይምጣና ፊት ለፊት ልስደበው» ብላለች። እንግዲህ ታርቃለች ማለት ነው።

የአናጢው መጋጠሚያ ባሉት ቦታ፣ ሦስተኛው ወራጅ ሥር ተገኝቷል። ተገኝቷል አልኩ እንዴ! አገኘሁት። እንጨቱ መጥቆር ጀምሮ ነበር። አሁን ሳጥን ውስጥ ነው።

ስምዎን ጽፌ ሪፖርቱን አስገባሁ። ኃላፊያችን የእርስዎን ወረቀት ቆሞ ማንበብ ጀምሮ ተቀምጦ ጨረሰ። «ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል?» አለ። ከዚያ «በሆድ ተስቦ አንድ ቤት ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ቅጹ ላይ «ታይቷል» የሚለው ሳጥን ወጥቷል። በቦታው «ከኮርኒስ በላይ እስከ… ድረስ አይቻለሁ፤ ያላየሁት…» የሚል ገብቷል። በቀን አራት ቤት ሆነናል። የሥራ ጓደኛዬ «ድመቷ ሁላችንንም አይጥ አደረገችን» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ይሳባል።

ፎቶውን አላወርድም። ለምን መሰለዎ?

ሦስት ናቸው ብለውኛል፤ አምኛለሁ። ቢሆንም አርባ አንዱንም ጨርሼ አየሁ፤ ያስተማሩኝ እንዲያ ነው። ከሦስቱ ሌላ የተበላሸ አላገኘሁም። ሠላሳ ስምንቱን ግን አላወሩልኝም፣ ጋሼ! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ማንም ይመጣል ተብሎ በማይታሰብ ጥግ ሽቦው ቀጥ ብሎ ታስሯል፣ ሳጥኑ ተከድኗል፣ በእያንዳንዱ ክዳን ውስጥ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ በእርሳስ ተጽፏል። ዳቦ ጋጋሪው ቤት፣ ለአንድ ሰው በማይበቃ ጠባብ ጥግ፣ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ «ከኋላዬ ለሚመጣው፦ ይህ ወራጅ ደካማ ነው፣ አትርገጠው» የሚል አገኘሁ። ልረግጠው አንድ እጅ ያህል ነበር የቀረኝ። እዚያው ተኝቼ አለቀስኩ፤ ባለቤቱ ከታች «ተቀረቀርሽ እንዴ?» ይለኛል።

መሰላል ላይ ቆሜ አንገቴን ብቻ አስገብቼ ቢሆን ሦስቱንም አላያቸውም ነበር፣ ሠላሳ ስምንቱንም አላያቸውም ነበር። ወሬ ሰምቼ በስምዎ ስኮራ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ገብቼ አይቼ ኮራሁብዎ። ይኼኛውን ማንም አይነጥቀኝም።

ኃላፊያችን ለአዲስ ገቢዎች እንዲናገሩ ሊጠራዎ ይፈልጋል። ስለ ሦስቱ፣ ስለ ሁሉም። ይመጣሉ?

እጅዎን እስማለሁ፣
የእህትዎ ልጅ

የካቲት 24

ለልጄ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ኮርኒስ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ለቧንቧ ሠራተኛው በእሱ ቋንቋ አንብቤለት ሦስቱ ጋ ስደርስ አቀረቀርኩ። ሠላሳ ስምንቱ ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። እሱም አላስጨነቀኝም፤ መነጽሬን ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገልኝ። ከአፍታ በኋላ «አጎቷን በወረቀት የከሰሰች ልጅ ናት እንዲህ የምታስደስትህ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በሰኔ እመጣለሁ። ለአዲስ ገቢዎች እናገራለሁ፣ እናትሽም ትስደበኝ። ከሁሉ በፊት ግን የልብስ ሰፊዋ ቤት ውሰጂኝ። በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ቁሚ። ልጆቿም ይስሙ። ምን እንደምላት አስቤ ጨርሻለሁ። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘችው ይቺ ናት» እላታለሁ።

የመጀመሪያውን አንገቴን ደፍቼ እለዋለሁ። ሁለተኛውን ስል ግን ድምፄ ከፍ እንዳይልብኝ እፈራለሁ።

አጎትሽ